የተጻፈ ስሕተትም ይወረሳል



 የዚህ መድረክ አዘጋጆች ሲጠሩኝ፣ ከዳታቤዝ ሥራ ጋር የተያያዘ፣ ለጀማሪውም ለነባሩም የሚጠቅም አንድ ጉዳይ ይዘውልን ይምጡ ብለውኝ ነበር። እኔም በየዕለቱ የምንገለገልበትን፣ ነገር ግን ተሰብስበን ብዙ ያልተነጋገርንበትን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ርእሴ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ሰነዶች እርማት ነው። ያረጀውን ስለ ማደስ፣ ያልጠራውን ስለ ማጥራት ልንነጋገር ነው።

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ አበው። እውነታቸውን ነው። ይሁንና ጽሑፍ ሲወረስ ትክክለኛው ብቻ ተለቅሞ አይወረስም። የተጻፈ ስሕተትም ይወረሳል፤ ጊዜው ያለፈበት ምክርም ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከነባር ሠራተኛ ወደ አዲስ ገቢ ይተላለፋል። ስለዚህ ዛሬ ደጋግሜ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሰነድ የዳታቤዙ አካል ነው፤ ሰነዱን ለማረም ከሁሉ የተሻለ ዕድል ያለውም፣ ሰነዱን አምኖ ሲሠራ እክል የገጠመው አንባቢ ነው።

ንግግሬን በአራት ነጥቦች ከፍዬዋለሁ። በመጀመሪያ ትክክለኛ ሰነድ እንዴት እንደሚያረጅ፣ በሁለተኛ ደረጃ ያልጠራ ሰነድ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ፣ በሦስተኛ ደረጃ በአማርኛና በሌሎች የፊደላችን ተጠቃሚ ቋንቋዎች የምንሠራ ሰዎች ምን የተለየ ነገር እንደምናይ፣ በመጨረሻም እርማት እንዴት እንደሚጻፍ እናያለን። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልግለጽ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር እንዴት ያረጃል?

አብዛኞቹ የተሳሳቱ የሰነድ ክፍሎች ሲጻፉ ትክክል ነበሩ። ጸሐፊው አጣርቶ፣ ሞክሮ ጻፋቸው። ከዚያ ሶፍትዌሩ ተለወጠ፤ ጽሑፉ ባለበት ቀረ። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ የምንጠቁመው በሕንፃና በሱቅ ምልክት ነው። ሕንፃው ከፈረሰ በኋላ ያንኑ ምልክት ይዞ የወጣ እንግዳ ሲንከራተት ይውላል። ጠቋሚው አልዋሸም፤ ከተማው ነው የተለወጠበት።

ምሳሌዎቼን በአብዛኛው ከፖስትግሬስ እወስዳለሁ። በዚህ አዳራሽ ብዙዎቻችሁ ትሠሩበታላችሁ፤ ሰነዱም ከምርጦቹ አንዱ ነው። በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በተጀመረ የምርምር ሥራ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዛሬ በየዓመቱ አንድ ዐቢይ ስሪት ይወጣለታል፤ እያንዳንዱ ስሪትም ለአምስት ዓመት ድጋፍ ያገኛል። ልብ በሉ! በአንድ ጊዜ አምስት ያህል ስሪቶች፣ አምስት ያህል ሰነዶች በሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። አንዱ ላይ እውነት የሆነ ነገር ሌላው ላይ ሐሰት ሊሆን ይችላል።

ሀሽ ኢንዴክስን እንውሰድ። ከ10ኛው ስሪት በፊት በሀሽ ኢንዴክስ ላይ የሚደረግ ለውጥ አስቀድሞ በለውጥ መዝገቡ፣ ማለትም በዋል፣ ላይ አይጻፍም ነበር። ሰርቨሩ በድንገት ቢወድቅ ኢንዴክሱ ሊበላሽ ይችላል፤ እንደገና መሥራት ሊያስፈልግም ይችላል። ስለዚህ ሰነዱ በግልጽ ያስጠነቅቅ ነበር፤ አትጠቀሙበት እስከ ማለት ይደርስ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነበር። በኦክቶበር 2017 10ኛው ስሪት ሲወጣ ችግሩ ተፈታ፤ ማስጠንቀቂያውም ከሰነዱ ወጣ። ነገር ግን ከሰዎች ማስታወሻ፣ ከማሠልጠኛ ጽሑፎች፣ ከቃለ መጠይቅ ጥያቄዎች አልወጣም። ዛሬም ሀሽ ኢንዴክስ አደገኛ ነው የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ምክንያቱን ብትጠይቁት ግን ከዓመታት በፊት የተፈታውን ችግር ነው የሚነግራችሁ።

ሁለተኛው ምሳሌ ብዙዎቻችሁን እንቅልፍ የነሳ ነው። ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ ዲፎልት ዋጋ ያለው አዲስ ዓምድ መጨመር ከ11ኛው ስሪት በፊት ሠንጠረዡን በሙሉ እንደገና ያስጽፍ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ረድፎች ካሉት ሥራው እስኪያልቅ ሠንጠረዡ ይቆለፋል፤ ተጠቃሚው ይጠብቃል። ስለዚህ ሥራው በሌሊት ይሠራ፣ ዓምዱ መጀመሪያ ባዶውን ይጨመር፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ይሞላ የሚል ብልሃት ተለመደ። በ2018 በወጣው 11ኛው ስሪት ግን ዲፎልቱ ለሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ሠንጠረዡ እንደገና አይጻፍም፤ ሥራው በቅጽበት ያልቃል። ዲፎልቱ ለየረድፉ የሚለያይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ ረድፍ የተለየ የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣ ከሆነ፣ የድሮው አካሄድ ዛሬም ይሠራል። አዲሱን ያላወቀ ባለሙያ ዳታ አይጠፋበትም። የሚጠፋው ሌሊቱ ነው፤ የሚጠፋው ሥራ የሚቋረጥበት የተጠቃሚው ሰዓት ነው። ያረጀ ሰነድ ኪሳራው ሁልጊዜ በኤረር መልክ አይታይም።

ሦስተኛው ምሳሌ ነገሩ በተገላቢጦሽም እንደሚጎዳ ያሳየናል። በማይኤስኪውኤል ውስጥ ቼክ የሚባለው ገደብ፣ ለምሳሌ ዕድሜ ከዜሮ በታች እንዳይሆን የሚያዘው፣ እስከ ስሪት 8.0.16 ድረስ ተነብቦ የሚታለፍ ነበር። ሠንጠረዡን ስትፈጥሩ ትእዛዙን ይቀበላል፤ ኤረር አይሰጥም፤ ግን ምንም አይከለክልም። ሰነዱ ይህንን በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ይናገር ነበር። ከ2019 ጀምሮ ገደቡ በእውነት ይሠራል። አሁን አንድ ተማሪ አዲሱን ሰነድ አንብቦ፣ በአሮጌ ሰርቨር ላይ ቢሠራስ? ጥበቃ እንዳለው አምኖ ያለ ጥበቃ ይቀመጣል። አሮጌ ሰነድ ለአዲስ ሶፍትዌር እንደማይሆን ሁሉ፣ አዲስ ሰነድም ለአሮጌ ሶፍትዌር አይሆንም።

እስካሁን ያየናቸው በዝምታ የሚያሳስቱ ናቸው። ጮኸው የሚያሳውቁም አሉ። በ2019 የወጣው የፖስትግሬስ 12ኛ ስሪት የማገገሚያ ቅንብሮች ይጻፉበት የነበረውን፣ ሪከቨሪ ዶት ኮንፍ የተባለውን ፋይል አስቀረ፤ ፋይሉን በዳታ ማውጫው ውስጥ ካገኘው ሰርቨሩ አልነሣም ይላል። በ2022 የወጣው 15ኛው ስሪት ደግሞ በአዲስ ዳታቤዝ ውስጥ ማንኛውም ተጠቃሚ ፐብሊክ በተባለው ስኪማ ሠንጠረዥ እንዲፈጥር የነበረውን ፈቃድ አነሣ። የቆየ የማስተማሪያ ጽሑፍ ይዞ የሚለማመድ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ትምህርት ፈቃድ የለህም የሚል መልስ ያገኛል፤ ጥፋቱ የእርሱ ይመስለዋል። መምህራን፣ ይህንን አደራ እላችኋለሁ! ተማሪያችሁ ተስፋ የቆረጠው ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን የሰጣችሁት ጽሑፍ ስላረጀ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የማያረጅ ሰነድ መጻፍ ይቻላል? አይቻልም። ሲያረጅ የሚታወቅ ሰነድ መጻፍ ግን ይቻላል። መንገዱም ከምክሩ ጋር ምክንያቱን መጻፍ ነው። ፖስትግሬስ በዲስክ ላይ ዘፈቀደ ንባብ ከተከታታይ ንባብ አንጻር ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚገምትበት ራንደም ፔጅ ኮስት የሚባል ቁጥር አለው፤ ዲፎልቱ 4 ነው። ሰነዱ ቁጥሩን ብቻ ጽፎ አላለፈም። ዘፈቀደ ንባብ ከተከታታዩ 40 ጊዜ ይዘገያል፣ ከንባቡ ግን 90 በመቶው በሚሞሪ ይገኛል ብሎ እንደሚገምት ለዓመታት ሲያስረዳ ኖሯል። ኤስኤስዲ ያለው አንባቢ ይህንን ሲያይ የኔ ዲስክ እንዲህ አይደለም ብሎ ያስባል፤ ሰነዱም ለእንዲህ ያለው ዲስክ እንደ 1.1 ያለ ዝቅተኛ ቁጥር እንደሚሻል ይጠቁመዋል። ምክንያቱ የተጻፈለት ምክር ጊዜው ሲያልፍ አንባቢው ያውቅበታል። ምክንያቱ ያልተጻፈለት ምክር ግን ማንም ሳይጠይቀው ይወረሳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር። ስላልጠራ ሰነድ።

ያልጠራ ሰነድ ሐሰት አይናገርም። አንባቢው በጭንቅ ሰዓት የሚፈልገውን ነገር ሳይናገር ያልፋል። የዚህን ክብደት የሚያሳይ በአደባባይ የታወቀ ታሪክ ልንገራችሁ።

ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት ነው። ጊትላብ የተባለው፣ ባለሙያዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት አገልግሎት፣ ዋና የፖስትግሬስ ሰርቨርና የእርሱን ዳታ የሚከተል ሁለተኛ ሰርቨር ነበሩት። በዚያ ምሽት ጫና በዝቶ ተከታዩ ሰርቨር ወደ ኋላ ቀረ። ባለሙያው ተከታዩን ከዋናው ላይ እንደ አዲስ ለመገልበጥ ፒጂ ቤዝባክአፕ የተባለውን ፕሮግራም አስነሣ። ፕሮግራሙ ዝም አለ። ኤረር የለም። እየጠበቅሁ ነው የሚል መልእክትም የለም።

በእውነቱ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነበር። ዋናው ሰርቨር ዳታ መላክ እስኪጀምር በዝምታ እየጠበቀ ነበር። ባለሙያው ይህንን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ቀደም ሲል የተደረጉት ሙከራዎች በዳታ ማውጫው ውስጥ የተዉት ፋይል እንቅፋት ሆኖ ይሆናል ብሎ ማውጫውን ለመሰረዝ ወሰነ። ትእዛዙ የተሰጠው ግን በተከታዩ ሰርቨር ላይ ሳይሆን በዋናው ላይ ነበር። ስሕተቱ በአፍታ ውስጥ ቢታወቅም፣ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነበር።

ባለሙያዎቹ ወደ ባክአፕ ዞሩ። የየዕለቱን ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም የ9.2 ስሪት ነበር፤ ዳታቤዙ ደግሞ 9.6። ስለዚህ ባክአፑ ሲከሽፍ ነበር የኖረው፤ መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ለሠራተኞቹ አይደርስም ነበር። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ሲባል በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። እንዲያም ሆኖ የብዙ ሰዓት ሥራ ጠፋ፤ ወደ 5,000 ፕሮጀክቶች፣ 5,000 አስተያየቶችና 700 አዲስ የተጠቃሚ አካውንቶች ጉዳት ደረሰባቸው።

ይህ ታሪክ ብዙ ትምህርት አለው፤ እኔ ግን ከርእሴ ጋር የተያያዘውን አንዱን ልያዝ። ድርጅቱ የሆነውን ሁሉ ለሕዝብ ሳይደብቅ ጻፈ። ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ፣ ፕሮግራሙ በዝምታ እንደሚጠብቅ በራሳቸው የሥራ መመሪያም ሆነ በፕሮግራሙ ሰነድ በግልጽ አለመጻፉ ነው። ዛሬ የፒጂ ቤዝባክአፕን ሰነድ ብትከፍቱ፣ ሥራው ሲጀመር ቼክፖይንት፣ ማለትም በሚሞሪ ያለውን ለውጥ ወደ ዲስክ ማውረድ፣ መደረግ እንዳለበት፣ ይህም ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል፣ በዚያ መካከል ፕሮግራሙ ሥራ የፈታ መስሎ እንደሚታይ የሚናገር አጭር ማስታወሻ ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር በውድቅት ሌሊት ለደከመ ሰው ምን ማለት እንደሆነች አስቡት!

ከዚህ አንድ መመዘኛ እናገኛለን። ማንኛውንም የትእዛዝ ሰነድ ስታነቡ ሦስት ነገሮችን ጠይቁ። ይህ ሥራ ምን ያህል ጊዜ ሊወስድ ይችላል? እየሠራ ሳለ በስክሪን ላይ ምን ይታያል? መሐል ላይ ቢቋረጥ ምን ተርፎ፣ ምን ጠፍቶ ይገኛል? ብዙ ሰነዶች ትእዛዙ ምን እንደሚሠራ በትክክል ይነግሩናል፤ እነዚህን ሦስቱን ግን ይዘሏቸዋል። እነዚህ የጎደሉበትን ገጽ ካገኛችሁ መታረም ያለበትን ገጽ አገኛችሁ ማለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሰነዱን ማረም ብቻውን አይበቃም። ፖስትግሬስ የለውጥ መዝገቡን የሚያስቀምጥበት ማውጫ ድሮ ፒጂ ኤክስሎግ ይባል ነበር። ዲስክ ሲሞላ፣ ስሙ ውስጥ ሎግ የሚል ስላለ፣ ተራ የመልእክት መዝገብ ነው ብለው የሚሰርዙት ሰዎች ነበሩ። ያ ማውጫ ከተሰረዘ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል። አደጋ ላይ ያለ ሰው ሰነድ አያገላብጥም፤ የሚያየው የፋይሉን ስም ነው። ስለዚህ በ10ኛው ስሪት ስሙ ራሱ ተለወጠ፤ ፒጂ ዋል ተባለ። በሌላ በኩል ደግሞ በየስልካችሁ ውስጥ ያለውን ኤስኪውላይትን ተመልከቱ። በቀድሞ ስሪቶቹ በነበረ ስሕተት ምክንያት በአንዳንድ ሁኔታ ፕራይመሪ ኪ ዓምድ ባዶ ዋጋ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ማስተካከሉ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን ስለሚሰብር አልተስተካከለም፤ ጉዳዩ ግን ከሌሎች እንግዳ ባሕርያት ጋር በራሱ ሰነድ በግልጽ ተጽፏል። ሶፍትዌሩን ማረም ሲቻል ሶፍትዌሩ ይታረም፤ ካልተቻለ ሰነዱ እውነቱን ይናገር። ዝም ማለት ግን ምርጫ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው ነጥቤ የእኛው ጉዳይ ነው። በፊደላችን የምንሠራ ሰዎች ሌላው የማያየውን እናያለን።

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ ሰው ፊደልን ከባይት ሳይለይ ዘመኑን ሊጨርስ ይችላል። እኛ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከልዩነቱ ጋር እንጋጫለን።

ለምሳሌ በኦራክል ውስጥ ቫርካር2 ብላችሁ በቅንፍ 20 ብትጽፉ፣ ሌላ ነገር ካላዘዛችሁ በስተቀር 20 የሚቆጠረው በባይት ነው። የኦራክል ሰነድ ባይትና ፊደልን ይለያል። ብዙ የማሠልጠኛ ጽሑፎች ግን 20 ፊደል ይይዛል ብለው ያልፋሉ። ዳታቤዙ በዩኒኮድ ከተቋቋመ በ20 ባይት ውስጥ የሚገባው ስድስት የአማርኛ ፊደል ብቻ ነው። አበበ ይገባል። ወልደገብርኤል ስምንት ፊደል ስለሆነ 24 ባይት ይፈልጋል፤ አይገባም። የሰው ስም መመዝገብ ያቃተው ሲስተም ተሠራ ማለት ነው። በፖስትግሬስና በዛሬው ማይኤስኪውኤል ግን ያው 20 የሚቆጠረው በፊደል ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ባለሙያ ይህን ልዩነት የሚነግረው ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ያንን ጽሑፍ ከእኛ የተሻለ የሚጽፈው ማነው?

ሁለተኛውን ምሳሌ በአዳራሹ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። አማርኛ አስገብታችሁ የጥያቄ ምልክት ድርድር አውጥታችሁ ታውቃላችሁ። ማይኤስኪውኤል እስከ ስሪት 8.0 ድረስ ዲፎልት የፊደል ስብስቡ ላቲን-1 ነበር፤ በእርሱ ውስጥ የእኛ ፊደል ቦታ የለውም። መፍትሔ ተብሎ ይነገር የነበረው ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሩት የሚል ነው። አማርኛውም ይስተካከላል። ነገር ግን በማይኤስኪውኤል ውስጥ ዩቲኤፍ-8 በሚል ስም የሚጠራው ስብስብ ለአንድ ፊደል ቢበዛ ሦስት ባይት ብቻ የሚፈቅድ ነበር፤ ሙሉው ዩቲኤፍ-8 ግን እስከ አራት ባይት ይሄዳል። አራቱን የሚይዘው ዩቲኤፍ-8-ኤምቢ-4 የተባለው በ2010 መጣ፤ በ2018 በወጣው 8.0 ዲፎልት ሆነ።

ለአማርኛ ሦስት ባይት ይበቃል፤ ታዲያ ምን አገባን ትሉ ይሆናል። በ2021 በወጣው ዩኒኮድ 14 ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ 28 ፊደላት ተጨመሩ። እነዚህ ፊደላት የተቀመጡበት ቦታ አራት ባይት የሚፈልግ ነው። ስለዚህ በአሮጌው ምክር ዩቲኤፍ-8 ነው ብሎ የተሠራ ሠንጠረዥ አማርኛን ተቀብሎ እነዚህን የጉራጌ ፊደላት ይመልሳል፤ ጥብቅ ቁጥጥር በሌለበት አሠራር ደግሞ ጽሑፉን ከዚያ ፊደል ጀምሮ ይቆርጠዋል። የቆየው የአማርኛ ማስታወሻችን ለአማርኛ ትክክል ሆኖ ለጎረቤት ቋንቋ የተሳሳተ ነው። ይህን የሚያውቅ፣ የሚፈትን፣ የሚያርም ሰው ከዚህ አገር ካልወጣ ከየት ይወጣል?

እንግዲህ ወደ አራተኛው ነጥብ ደረስን። እርማት እንዴት ይጻፋል?

አንደኛ፣ ስሪቱን አረጋግጡ። የሰርቨራችሁን ስሪትና የምታነቡትን ሰነድ ስሪት አስተያዩ። ስሕተት የመሰለን ብዙ ነገር የስሪት አለመገጣጠም ሆኖ ይገኛል። ቀጥላችሁም የአዲሱን ስሪት ሰነድ እዩ፤ ምናልባት ቀድሞ ታርሞ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ፈትኑ። ይመስለኛል ብላችሁ አትጻፉ። በንጹሕ መለማመጃ ዳታቤዝ ላይ ጉዳዩን የሚያሳዩ ጥቂት ትእዛዞችን አዘጋጁ፤ ሌላ ሰው ቢሠራቸው ያው ውጤት መምጣት አለበት። የለውጥ ማስታወሻዎችንም አንብቡ፤ ባሕርዩ በየትኛው ስሪት እንደተለወጠ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሯችሁ እነርሱ ናቸው።

ሦስተኛ፣ አምስት ነገሮችን ጻፉ፦ የትኛው ስሪት፣ የትኛው ገጽና አንቀጽ፣ ሰነዱ ምን ይላል፣ በተግባር ምን ሆነ፣ በምን ዐረፍተ ነገር ይተካ። ይህ ገጽ ግልጽ አይደለም ብሎ መጻፍ ቅሬታ ነው፤ ሰሚው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። የሚተካውን ዐረፍተ ነገር ያቀረበ ሰው ግን የሥራውን ዋና ክፍል ጨርሷል።

አራተኛ፣ እርማቱን አሳንሱት። ያልጠራ ዐረፍተ ነገር በሦስት አንቀጽ ማብራሪያ አይጠራም። የጎደለውን ጨምሩ፣ ያረጀውን አውጡ፣ የቀረውን አትንኩ። ያው ሐሳብ በሌሎች ምዕራፎችም እንዳለ ግን ፈልጉ። ለውጥ ያደረገ ፕሮግራመር ዋናውን ገጽ ያስተካክልና በመግቢያው ወይም በምሳሌዎች ምዕራፍ ያለውን ሊረሳው ይችላል።

አምስተኛ፣ ወደሚመለከተው አድርሱ። የፖስትግሬስ ሰነድ ከራሱ ከፕሮግራሙ ኮድ ጋር በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ የሰነድ እርማት እንደ ኮድ እርማት ተመርምሮ ይገባል፤ አስፈላጊ ከሆነም ድጋፍ ወዳላቸው የቆዩ ስሪቶች ይወርዳል። ከእያንዳንዱ የሰነድ ገጽ ግርጌ ደግሞ እርማት የምትልኩበት ቅጽ አለ። የማይኤስኪውኤል ሰነድ እንደ ፕሮግራሙ በነፃ ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም፤ ቢሆንም የሰነድ ስሕተት እንደ ሶፍትዌር ስሕተት ተመዝግቦ ሪፖርት የሚደረግበት መንገድ አለው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እሰማለሁ። የመጀመሪያው እንግሊዝኛዬ ጥሩ አይደለም የሚል ነው። ወገኖቼ፣ ሰነዱ የሚጻፈው ለዓለም ሁሉ ነው። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው አንድን አሻሚ ዐረፍተ ነገር በልምድ አቃንቶ ያልፈዋል፤ እናንተ ቃል በቃል ስለምታነቡ አሻሚነቱ ይገለጥላችኋል። ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ሁለት ትርጉም ካገኛችሁበት፣ ጥፋቱ ከእናንተ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የላካችሁት ሰዋስው ቢጎድለው የሰነዱ ጸሐፊዎች ያስተካክሉታል፤ ያልነገራችኋቸውን ችግር ግን ማስተካከል አይችሉም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሰነዱ ጸሐፊዎች ሊቃውንት ናቸው፣ እኔ ማን ነኝ የሚል ነው። ልክ ነው፣ ሊቃውንት ናቸው። ሊቅነታቸው ግን ለጀማሪ የሚያስቸግረውን ነገር ከዓይናቸው ይሰውረዋል። ፕሮግራሙ ለምን ዝም እንደሚል የሚያውቅ ሰው ዝምታው አያስፈራውም፤ ስለዚህም አይጽፈውም። የፈራው ሰው ነው መጻፍ ያለበት። ለዚህ ነው በመጀመሪያ ያልኋችሁን የምደግመው፦ ሰነዱን ለማረም ከሁሉ የተሻለ ዕድል ያለው እክል የገጠመው አንባቢ ነው። ያውም እክሉ በገጠመው ሰሞን። ከወር በኋላ እርሱም ይለምደዋል፤ ያኔ ችግሩ አይታየውም።

ዛሬ ጉዳዩን ይበልጥ አስቸኳይ የሚያደርግ ነገርም አለ። ብዙዎቻችን ጥያቄያችንን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እናቀርባለን። እነዚህ ፕሮግራሞች የተማሩት ከተጻፈው ነው፤ ከአዲሱም ከአሮጌውም። ስሪት ያልተጠቀሰበት አሮጌ ምክር በእነርሱ አፍ እንደ ዛሬ እውነት ሆኖ ሊመለስልን ይችላል። የጠራና ስሪቱ የተጻፈበት ሰነድ ለሰው እንደሚጠቅም ሁሉ ለእነርሱም ይጠቅማል።

ንግግሬን በሦስት አደራዎች ልደምድም፤ እያንዳንዱም የሚቀርበው ከእናንተ ለአንዱ ወገን ነው።

መምህራን ሆይ፣ በምትሰጡት ጽሑፍ ሁሉ አናት ላይ የሶፍትዌሩን ስሪትና የተጻፈበትን ቀን አስፍሩ፤ በየሴሚስተሩ መጀመሪያም ትእዛዞቹን በአዲሱ ስሪት ላይ አንድ ጊዜ ሞክሯቸው። ከተቻለ ለተማሪዎቻችሁ አንድ የሰነድ ገጽ ሰጥታችሁ፣ ፈትነው እርማት እንዲያቀርቡበት የቤት ሥራ አድርጉት። ከዚያ የተሻለ የዳታቤዝ ፈተና አላውቅም።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ የዳታቤዝ አስተዳዳሪዎች፣ ባክአፕ የመመለሻ መመሪያችሁን አውጡና በመጻፉ ያልተሳተፈ ባልደረባችሁ ብቻውን እንዲሠራበት ስጡት። የቆመበት ቦታ ሁሉ የእርማት ቦታ ነው። ይህን በሰላም ቀን አድርጉት፤ በችግር ሌሊት ለማረም ጊዜ የለም።

ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሰነዱ እንዳለው አድርጋችሁ አልሠራ ሲላችሁ፣ መፍትሔውን ካገኛችሁ በኋላ ወዲያው ወደ ሌላ ሥራ አትሂዱ። ጥቂት ደቂቃ ቆዩና ስሪቱን፣ ገጹን፣ የሆነውን፣ መባል የነበረበትን ጽፋችሁ ላኩ። ከእናንተ በኋላ ያንን ገጽ የሚከፍቱት በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ማን እንዳቀናላቸው ባያውቁም መንገዱ ይቀናላቸዋል። በጽሑፍ ያለ ይወረሳልና፣ የምናወርሰው የታረመ ይሁን።